ጠላት ሳይመጣ ሥራ ላይ ነበሩ

አክስቴ አንገታቸው ላይ ንፍፊት ወጣባቸውና ሲመረመሩ የዕጢ ቲቢ ነው ተባሉ። መድኃኒት ጀመሩ። በየቀኑ ጤና ጣቢያ እየሄዱ ይውጣሉ። ትኩሳቱ ለቀቃቸው፣ የምግብ ፍላጎታቸው ተመለሰ፣ ቤተሰቡም እፎይ አለ። ሁለተኛው ወር ላይ ግን ንፍፊቱ እንደገና አበጠ። ያውም መጀመሪያ ከነበረው ብሶ፣ አጠገቡ ሌላ አዲስ ጨምሮ።

እኔ የምኖረው እንግሊዝ አገር ነው፤ ወሬውን የሰማሁት በስልክ ነው። "ልጄ፣ መድኃኒቱ እኔ ላይ አልሠራም" አሉኝ። ጎረቤት እንደሚያውቁት የመሰለውን ይናገራል። አንዷ በሽታው መድኃኒቱን ተላምዶታል ትላለች፣ ሌላዋ ይቅርብዎትና ጠበል ይግቡ ትላለች። ሐኪሙ እንደገና ናሙና አስወስዶ ጂንኤክስፐርት የሚባለውን ምርመራ አሠራላቸው፤ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ አልነበረም። "ይቀጥሉ፣ አንዳንድ ሰው ላይ እንዲህ ያደርጋል" ብሎ ሸኛቸው። ለምን እንዲህ እንደሚያደርግ አልነገራቸውም። ደጅ ላይ ያለውን ወረፋ ስለማውቀው አልፈርድበትም።

"አንቺ የምትማሪው ይሄንኑ አይደል?" ሲሉኝ መጽሐፍ ላይ ያለውን ነገርኳቸው። መድኃኒቱ ባክቴሪያውን ሲገድለው ስብርባሪው እዚያው ይበተናል። ተዳክሞ የነበረው የሰውነት መከላከያ ደግሞ ነፍስ ሲዘራ በዚያ ስብርባሪ ላይ ይረባረባል። እብጠቱ ከዚያ የመጣ ነው አልኳቸው። አክስቴ ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ "እና የሚያሳብጠኝ በሽታው ነው ወይስ የገዛ ሰውነቴ?" ብለው ጠየቁኝ።

ሁለቱም ነው ብዬ አለፍኩት። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ግን ጥያቄው እኔ ጋ ቀረ። እሳቸው ኪኒናቸውን ጨርሰው ድነዋል፣ ተመስገን። (መድኃኒት እየወሰደ ንፍፊቱ ያበጠበት ሰው ይህን እያነበበ ከሆነ፣ እባክዎ በራስዎ አያቋርጡ፤ ወደ ሐኪምዎ ይመለሱ።)

ለምን ዓሣ?

የምሠራው ዜብራፊሽ በምትባል ትንሽ ዓሣ ላይ ነው። አገር ቤት ዓሣ ሲባል ሰው የሚታየው ቆሮሶና አምባዛ ነው፤ ይህቺ ግን አድጋም ከ4 ሳንቲ ሜትር ብዙ አትበልጥም። ከጭንቅላቷ እስከ ጅራቷ ሰማያዊ መስመሮች አሏት። አገሯ ደቡብ እስያ ነው። ሕንድ፣ ባንግላዴሽና ኔፓል ውስጥ ዝግ ብለው በሚፈሱ ወንዞችና በሩዝ ማሳዎች ውስጥ ትኖራለች።

ማታ ወንዱንና ሴቷን አንድ ገንዳ ውስጥ በመከለያ ለይተን እናሳድራቸዋለን። ጠዋት መብራቱ ሲበራ መከለያውን እናነሳለን። ብዙም ሳይቆይ እንቁላሉ ከሥራቸው ባለው ወንፊት ቀዳዳ አልፎ ወደ ታች ይወርዳል። ከአንዲት ዓሣ በአንድ ጠዋት ከ100 በላይ እንቁላል ማግኘት የተለመደ ነው። እንቁላሉን 28.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ እናስቀምጠዋለን። በማግስቱ ልቡ ሲመታ ታያላችሁ። ሁለት ሦስት ቀን ሲሆነው ከሽፋኑ ይወጣል። አምስተኛው ቀን ላይ ራሱን ችሎ እየዋኘ ምግቡን ማደን ይጀምራል። የእንግሊዝ ሕግ ጥበቃ የሚያደርግለት ራሱን ችሎ መመገብ ከሚችልበት ከዚህ ጊዜ ጀምሮ ነው፤ እኛ ግን ከዚያ በፊትም ያለ ማደንዘዣ አንነካውም።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ከእናቲቱ ሆድ ውጭ ነው፣ ውስጡም ወለል ብሎ ይታያል። ለእኔ ዋናው ነገር ይሄ ነው። የአይጥ ፅንስ ውስጥ አንዲት ሕዋስ ከየት ተነስታ ወዴት እንደሄደች ለማወቅ እናቲቱን መክፈት ያስፈልጋል፤ ስትከፍቷት ደግሞ የምታዩት የቆመ ነገር ነው። እዚህ ሕዋሷ ስትሄድ፣ ስትቆም፣ ሐሳቧን የቀየረች ይመስል ዞራ ስትመለስ በሕይወት ያለ እንስሳ ውስጥ ትከተሏታላችሁ።

መንገዱን የከፈተው ጆርጅ ስትራይሲንገር ነው (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ቡዳፔስት ተወልዶ በልጅነቱ ከቤተሰቡ ጋር ከናዚዎች ሸሽቶ አሜሪካ የገባ ሰው ነው። ኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ለዓመታት ከዓሣዋ ጋር ታገለ፤ በ1981 የዘረመል ሥራው ኔቸር መጽሔት ላይ ወጣ። በ1996 ደግሞ ጀርመን ቱቢንገን የነበረው የክርስቲያነ ኑስላይን-ፎልሃርድ ቡድንና ቦስተን የነበረው የቮልፍጋንግ ድሪቨር ቡድን ዕድገታቸው የተዛባ ብዙ መቶ ዓሣዎችን መዝግበው በአንድ የመጽሔት እትም አወጡ። በ2013 ሙሉ ዘረመሏ ተነቦ ሲታተም፣ ከሰው ጂኖች 70 በመቶ የሚሆኑት ዓሣዋ ውስጥ ቢያንስ አንድ ዘመድ እንዳላቸው ታወቀ። ከዚያ በኋላ "ዓሣ ከሰው ጋር ምን አገናኘው?" የሚለውን ጥያቄ መመለስ ቀሎናል።

ከበሽታው በፊት

ቤተ ሙከራው ውስጥ መጀመሪያ የተሰጠኝ ሥራ ምንም በሽታ የሌለባቸውን ጨቅላ ዓሦች ዝም ብሎ ማየት ነበር። ማክሮፋጅ የሚባሉትን ነጭ የደም ሕዋሶች ተከታተይ፣ የሚያደርጉትን መዝግቢ ተባልኩ። ማክሮፋጅ ማለት የገባብንን ባክቴሪያ የሚውጠው ሕዋስ ነው። ከትምህርት ቤት ጀምሮ "የሰውነት ወታደር" እየተባለ ነው የተማርነው። እና ጠላት በሌለበት ወታደርን መመልከት ለምን እንደሚያስፈልግ አልገባኝም ነበር።

ፊሊፕ ኤርቦሜል ፓሪስ ፓስተር ኢንስቲትዩት ሆኖ ከባልደረቦቹ ጋር በ1999 ያወጣውን ጽሑፍ ሳነብ ነገሩ ይገባኝ ጀመር። የመጀመሪያዎቹ ማክሮፋጆች ፅንሱ አንድ ቀን ሳይሞላው፣ ገና ደም መዞር ሳይጀምር፣ የእንቁላሉ አስኳል ላይ ይታያሉ። በዚያ ዕድሜ ማንም አላጠቃውም። እነሱ ግን ሥራ ላይ ናቸው። እየሞቱ ያሉ የደም ሕዋሶችን ይውጣሉ፣ በየቲሹው ይዞራሉ። ከፊሎቹ ወደ አንጎል ገብተው እዚያው ይቀራሉ፤ አንጎል ሲገነባ ከሚያስፈልገው በላይ ሕዋስ ይፈጠርና ትርፉ ይሞታል፣ ያንን የሚያነሱት እነሱ ናቸው። ደግሞ እነዚሁ ሕዋሶች ባክቴሪያ ሲወጋባቸው ይውጡታል። ማንም አላሠለጠናቸውም።

ማየቱ ቀላል አይደለም። ዓሣን መብላት በብልሃት ይባል የለ፣ ማየትም እንደዚያው ነው። ጨቅላዋን ማደንዘዣ ባለበት ውሃ ውስጥ አድርጌ፣ ለብ ያለ አጋሮዝ (ሲቀዘቅዝ እንደ ጄሊ የሚረጋ ነገር) አፍስሼባት፣ ሳይረጋ በፊት በቀጭን መርፌ ጎኗን አስተካክላለሁ። ትንሽ ዘንበል ካለች ሌሊቱን ሙሉ የሚነሳው ምስል አይረባም። ማክሮፋጆቹ አረንጓዴ ሆነው እንዲያበሩ ዘረመላቸው ላይ የተጨመረ ጂን አለ፤ ይህ በ2011 አውስትራሊያ ውስጥ ተሠርቶ ዛሬ በየቤተ ሙከራው የሚገኝ ዘዴ ነው። ከዚያ ማይክሮስኮፑ በየጥቂት ደቂቃው ምስል እያነሳ ያድራል፣ ጠዋት እንደ ፊልም አየዋለሁ።

ያንን ፊልም ደጋግሜ ስላየሁት አካሄዳቸውን ለመድኩት። ማክሮፋጅ ረጋ ብላ ትሄዳለች፣ እጅ የመሰለ ነገር ትዘረጋለች፣ ትዳስሳለች። የሞተ ሕዋስ ስታገኝ ታቅፈዋለች። ውስጧ ክብ ነገር ይታያል፣ ቀስ በቀስ እያነሰ ይጠፋል። ከዚያ ትቀጥላለች። እየቆየሁ ስመለከታቸው ወታደር የሚለው ነገር ከአእምሮዬ ወጣ፤ ሲነጋ መንገድ የሚጠርጉትን እናቶች ነበር የሚያስታውሱኝ። ቤቱ ገና እየተሠራ ነው፣ እነሱ ከሥር ከሥር ያጸዳሉ።

ነገሩ እንዲህ መሆኑ መጀመሪያ የታየውም ውስጡ በሚታይ እንስሳ ነው። ኢሊያ ሜችኒኮቭ በ1882 ሲሲሊ ውስጥ ሜሲና ሆኖ የባሕር ኮከብ እጭ ላይ የጽጌረዳ እሾህ ሰካ፤ በማግስቱ ተንቀሳቃሽ ሕዋሶች እሾኩን ከበውት አገኘ። በ1908 የኖቤል ሽልማት ያስገኘለት ሐሳብ ከዚያ ተነሳ። ብዙ ሰው የሚዘነጋው አንድ ነገር አለ፤ ሜችኒኮቭ ፅንስ እንዴት እንደሚያድግ የሚያጠና ሰው ነበር። የሰውነት መከላከያን ያገኘው ዕድገትን ሲያጠና ነው።

ያ ምሽት

በኋላ ወደ ኢንፌክሽኑ ገባሁ። የምንጠቀመው ባክቴሪያ ማይኮባክቴሪየም ማሪነም ይባላል። የሰው ቲቢ አምጪ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ዓሦችን ቲቢ የመሰለ በሽታ ያሲዛቸዋል። ቀዝቀዝ ያለ ሙቀት ስለሚወድ ሰው ላይ በአብዛኛው የቆዳ ቁስል ከማምጣት አያልፍም፣ ስለዚህ አብሮት መሥራት እንደ ሰው ቲቢ አደገኛ አይደለም። ቀይ ሆኖ እንዲያበራ ተደርጓል። በጣም በቀጠነ የመስታወት መርፌ የጨቅላዋ ጅራት አካባቢ ያለው ደም ሥር ውስጥ እንወጋዋለን።

መጀመሪያ የሚሆነው የተማርነው ነው። አረንጓዴዎቹ ይመጣሉ፣ ቀዩን ይውጣሉ። ደስ ይላል። ችግሩ የተዋጠው ቀይ ውስጣቸው አይጠፋም። ይበዛል።

ያን ቀን ማይክሮስኮፑ በራሱ እንዲያነሳ ትቼው መሄድ እችል ነበር፣ ግን ጨለማው ክፍል ውስጥ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። አንዲት ማክሮፋጅ ቀዩ ሞልቷት፣ እጆቿን ሰብስባ፣ ድቡልቡል ብላ ቆማለች። ስትንቀሳቀስ አትታይም። ቀጥሎ በመጡት ምስሎች አረንጓዴው እየደበዘዘ ሄደ፣ ከዚያ ፈረሰች። ቀዩ ግን እዚያው ነው። ብዙም ሳይቆይ ሌላ ማክሮፋጅ ከላይ በኩል ብቅ አለች። እጅ ዘረጋች፣ ዳሰሰች፣ አቀፈች። ሦስተኛዋም መጣች፣ ከሬሳው የተረፈውን ወሰደች። ሁለተኛዋ እዚያው ቀረች። ሦስተኛዋ ግን ውስጧ ቀይ ነጥብ ይዛ ሄደች። ከስክሪኑ ጠርዝ እስክትወጣ ድረስ ተከተልኳት።

እንቅስቃሴውን አውቀዋለሁ። ጤነኛ ዓሣ ውስጥ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ። ያው መዘርጋት፣ ያው መዳሰስ፣ ያው ማቀፍ። ማክሮፋጇ ልትዋጋ አልመጣችም፤ የሞተ ሕዋስ ነበር፣ ልታነሳው መጣች። ፅንስ ሆና ጀምሮ የምታውቀውን ሥራ ሠራች። ባክቴሪያው የተሳፈረው በዚያ ሥራ ላይ ነው። አንዲት ቤት ስትፈርስበት ሁለት አዲስ ቤት አገኘ፣ ቤቶቹም በራሳቸው እግር መጡለት። በሬ ሆይ በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የሚባለው እንደዚያ ምሽት ገብቶኝ አያውቅም።

ይህን መጀመሪያ ያየሁት እኔ አይደለሁም። የተመራማሪዋ የላሊታ ራማክሪሽናን ቡድን በ2002 ማክሮፋጆቹ ተሰባስበው ግራኑሎማ የሚባለውን ክምችት ሲጀምሩ በሕያው ዓሣ ውስጥ አሳይቷል፤ በ2009 ደግሞ አሁን የጻፍኩትን የሬሳ ማንሳት መንገድ በዝርዝር አወጣው። ጽሑፎቹን አንብቤያቸዋለሁ፣ ፈተና ላይም ጽፌያቸዋለሁ። በዓይን ማየት ግን ሌላ ነው።

ምሽጉ የማን ነው?

ግራኑሎማ ማለት ቲቢ ባለበት ቦታ የሚሠራ የሕዋሶች ጉብታ ነው። የአክስቴ ንፍፊት ውስጥም የነበረው እሱ ነው። ለረጅም ዘመን ሐኪሞች የሚያስተምሩት ግራኑሎማ ሰውነት ባክቴሪያውን የሚያስርበት ግንብ ነው እያሉ ነው። ከፊሉ እውነት ነው፤ ብዙ ሰው ባክቴሪያውን ይዞ ዕድሜውን ሙሉ ሳይታመም ይኖራል። ዓሣዋ ግን ሌላውን ገጽ አሳየች። ቢያንስ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጉብታው ለባክቴሪያው መራቢያ ነው።

ይህን የሚያደርግበት መሣሪያም አለው። ዘረመሉ ላይ አርዲ1 የሚባል ክፍል አለ። ይህ ክፍል የጎደለው ባክቴሪያ ወደ ማክሮፋጅ ይገባል፣ ግን ሌሎች ማክሮፋጆችን ያን ያህል መጥራት አይችልም፤ ጉብታውም እንደሚገባ አይሠራም። የሚገርመው፣ ሁላችንም ሕፃን ሆነን ክንዳችን ላይ የተከተብነው ቢሲጂ የጎደለው አንዱ ነገር አርዲ1 ነው። ካልሜትና ጌረን ፈረንሳይ አገር ሊል ከተማ ውስጥ ከ1908 እስከ 1921 ባክቴሪያውን እያዘዋወሩ ሲያሳድጉት በመሀል ጠፋ። ያኔ ጂን ምን እንደሆነ የሚያውቅ ስላልነበረ ምን እንደጠፋ የታወቀው ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ ነው። ዓሣዋ ደግሞ የጠፋው ነገር ሥራው ምን እንደነበር አሳየች።

እዚህ ላይ ከራሴ ጋር ተከራክሬያለሁ። የአክስቴ እብጠትና ያ ምሽት ያየሁት አንድ ነገር አይደሉም። ጨቅላዋ ዓሣ ያላት ስትወለድ ይዛው የመጣችው መከላከያ ብቻ ነው፤ ጠላትን ለይተው የሚያስታውሱት ቲ ሴልና ቢ ሴል የሚበስሉት ከሳምንታት በኋላ ነው። የአክስቴ አንገት ላይ የተረባረቡት በዋናነት እነዚያ የሚያስታውሱት ናቸው። ስለዚህ ዓሣዋን አይቼ "የእትዬ ንፍፊት ገባኝ" ብል ውሸት ይሆናል። የገባኝ ሌላ ነው። "በሽታው ነው ወይስ የገዛ ሰውነቴ?" ብሎ ሁለት ቦታ መክፈል ራሱ አይሠራም። የበሽታው መንገድ የሰውነት የዕለት ሥራ ነው። ባክቴሪያው አዲስ መንገድ አልቀደደም፣ ከጥንት ጀምሮ የተሠራ መንገድ ላይ ገባ። ያንን መንገድ ዝጉት ብንል ደግሞ ማን ሊያጸዳ ነው?

አቅም መጨመር

ኮቪድ በገባ ጊዜ ሁላችንም ቤት ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ፌጦ ነበር። "በሽታ የመከላከል አቅምን የሚጨምር" የሚል ቃል በየሬዲዮው፣ በየማስታወቂያው። ሰው ራሱንና ቤተሰቡን ለማዳን የሚያደርገውን አከብራለሁ፣ እናቴም ስታደርገው ነበር። ግን ቃሉ ውስጥ ያለው ሐሳብ፣ መከላከያ ብዙ ሲሆን ጥሩ፣ ትንሽ ሲሆን መጥፎ ነው የሚለው፣ ዓሣዋ ውስጥ እንዴት እንደፈረሰ መናገር እፈልጋለሁ።

የራማክሪሽናን ቡድን ሲያትል ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ በነበረበት ጊዜ ባክቴሪያው ቶሎ የሚያሸንፋቸውን ዓሦች ዘረመል ፈትሾ በ2010 አንድ ጂን አገኘ። ኤልቲኤ4ኤች ይባላል፤ ብግነት (የመከላከያውን ቁጣና እብጠት) የሚያነሳ ንጥረ ነገር የሚሠራ ነው። ጂኑ ሲበላሽ ብግነቱ ያንሳል፣ ቲኤንኤፍ የሚባለው መልእክት ይቀንሳል፣ ባክቴሪያው ማክሮፋጅ ውስጥ እስኪፈነዳ ይበዛል። እስከዚህ ድረስ የጠበቅነው ነው። በ2012 ግን ተቃራኒውን አሳዩ። ጂኑ ከልክ በላይ ሲሠራም ዓሣዋ ትሸነፋለች። ቲኤንኤፍ ሲበዛ ማክሮፋጇ መጀመሪያ ባክቴሪያውን በደንብ ትገድላለች፣ ከዚያ በዚያው እሳት ራሷ ትቃጠላለች። የተረፈው ባክቴሪያ ውጭ ወጥቶ ያለከልካይ ይራባል። በሁለቱም በኩል መጨረሻው የሞተች ማክሮፋጅና የተለቀቀ ባክቴሪያ ነው። ማርም ሲበዛ ይመራል።

ይህ ዓሣ ላይ ብቻ የቀረ ወሬ አይደለም። የአንጎል ሽፋን ቲቢ የያዛቸው ሰዎች ከቲቢ መድኃኒቱ ጋር ብግነት የሚያበርድ ዴክሳሜታዞን ይሰጣቸዋል። ቬትናም ውስጥ የታከሙ ሕሙማንን ዘረመል ሲያዩ፣ ዴክሳሜታዞኑ በግልጽ የጠቀመው ብግነት የሚያበዛውን የጂን ዓይነት የያዙትን ነበር። ከዚያ በኋላ ኢንዶኔዥያ ውስጥ በተደረገ ጥናት ግን ይኸው ልዩነት አልታየም። ስለዚህ ነገሩ አልተዘጋም፤ ሰው እንደ ዓሣ ገንዳ ውስጥ አንድ ዓይነት ምግብ እየበላ አይኖርም። በሌላ በኩል ለመገጣጠሚያ በሽታ ቲኤንኤፍን የሚያጠፋ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ላይ ተኝቶ የነበረ ቲቢ ሲነሳ ከ2001 ጀምሮ ይታወቃል። ጨርሶ ማጥፋትም አደጋ ነው ማለት ነው።

አሁን ሰው "አቅሜን ምን ላድርገው?" ብሎ ሲጠይቀኝ አጭር መልስ የለኝም። ክትባት፣ በቂ ምግብ፣ የታዘዘን መድኃኒት ሳያቋርጡ መጨረስ፤ ይህን እላለሁ። ከዚያ በላይ ያለው ጥያቄ ስንት የሚል ሳይሆን መቼ፣ የትና እስከ መቼ የሚል ነው። እዚህ ላይ ኒውትሮፊሎችን ማንሳት እወዳለሁ፤ ቁስል ላይ መጀመሪያ የሚደርሱት ነጭ ሕዋሶች ናቸው። እዚያው ይሞታሉ ተብሎ ነበር የሚታሰበው። በ2006 ዊስኮንሲን ያለው የአና ሃተንሎከር ቡድን የዓሣዋን ክንፍ ጫፍ ቆርጦ ሲከታተላቸው ብዙዎቹ ሥራቸውን ጨርሰው ወደ መጡበት ሲመለሱ ታዩ። ጤንነት ውስጥ ይህ መመለስም አለበት። የሚመጣውን ብቻ ስንቆጥር ኖርን፣ የሚመለሰውን ያየልን ግን አልነበረም።

ቀጥሎ የምፈልገው

ዓሣዋ የማትነግረን ብዙ ነው። ሳንባ የላትም። የምትኖረው በ28 ዲግሪ ነው፣ እኛ በ37። የምንወጋት ባክቴሪያ ደም ሥሯ ውስጥ በመርፌ ይገባል እንጂ እንደ እኛ በትንፋሽ አይደለም። ይህን የማይነግራችሁ ሰው ካለ ጠርጥሩት።

ሆኖም ያደገችው ዓሣ ውስጥ የሚሠራው ግራኑሎማ መሐሉ የሞተ፣ ዙሪያው የታጠረ፣ ከሰው ጋር የሚመሳሰል ነው። በ2016 ዱክ ዩኒቨርሲቲ ያለው የዴቪድ ቶቢን ቡድን ያንን አጥር ሲመረምር ማክሮፋጆቹ ጠባያቸውን ቀይረው እርስ በርስ እንደ ቆዳ ሕዋሶች ተያይዘው አገኛቸው። የሚያያይዛቸው ኢ-ካድሄሪን ፅንስ ቆዳውንና አንጀቱን ሲሠራ የሚጠቀምበት ማያያዣ ነው። አሁንም ዕድገት! አጥሩ እንዲላላ ሲያደርጉት ሌሎች የመከላከያ ሕዋሶች ወደ ውስጥ ገቡ፣ ባክቴሪያውም ቀነሰ። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ይሄ ነው። ሰው ውስጥ ያለው አጥር ቢላላ መድኃኒቱ ቶሎ ይደርሳል ወይስ ባክቴሪያው ያመልጣል?

ኢትዮጵያ ውስጥ ከሳንባ ውጭ ያለው ቲቢ፣ በተለይ የዕጢው፣ በጣም የተለመደ ነው። ለምርመራ ከንፍፊቱ በመርፌ ናሙና መውሰድ የዘወትር ሥራ ነው። አዲስ አበባ ያለው አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ከ1970 ጀምሮ በሥጋ ደዌና በቲቢ ላይ ሲሠራ ኖሯል። የሰው ዕጢ ውስጥ ያሉት ማክሮፋጆች ያንኑ ማያያዣ ለብሰው እንደሆነ፣ ሕክምና ላይ እያለ ንፍፊቱ ያበጠበት ሰውና ያላበጠበት ሰው በዚህ ይለያዩ እንደሆነ ማየት ይቻላል። ናሙናው ያለው እዚያ ነው። እንቅስቃሴውን በፊልም የምታሳየው ዓሣ ያለችው እዚህ ነው፤ ውሃውን 28 ዲግሪ ላይ የሚያቆይ መብራት ካለ ግን እዚያም የማትኖርበት ምክንያት የለም፤ ዓሣዋ ብዙ ቦታና ብዙ ገንዘብ አትጠይቅም።

የመጀመሪያውን ሐሳብ ጽፌ ከመምህሬ ጋር እየተወያየንበት ነው። እሷ ከዓሣዋ ጀምሪ፣ የሰው ናሙና ፈቃዱ ረጅም ነው ትለኛለች። እኔ ሁለቱም አብረው ቢሄዱ እመርጣለሁ። የዕጢ ቲቢ የምታክሙ ወይም ናሙናውን በየቀኑ በማይክሮስኮፕ የምታዩ አንባቢዎች ካላችሁ፣ አጥሩ እናንተ ጋ ምን እንደሚመስል ጻፉልኝ።